ምንጭ ማጎልበት በመንዝ፦ ከጥር እስከ መጋቢት የተያዘ የሥራ ማስታወሻ

ቦታው ሰሜን ሸዋ፣ መንዝ ውስጥ ነው፤ ከጣርማበር ወደ መሐል ሜዳ ከሚወስደው መንገድ ወጣ ብሎ በእግር አንድ ሰዓት ገደማ የሚያስኬድ ጎጥ። ከፍታው 3,000 ሜትር አካባቢ ነው። ሠሪዎቹ የጎጡ ሰው በጅጌ፣ ሁለት ግንበኞችና አንድ የቧንቧ ሠራተኛ በቀን ሂሳብ፣ ከአዲስ አበባ አብያተ ክርስቲያናት የመጡ ወጣቶች፣ ከእነሱም ጋር ከውጭ አገር ለአገልግሎት የመጡ ጥቂት ክርስቲያኖች ናቸው። እንግዶቹ ያላቸው ጊዜ ሁለት ሳምንት ነው፤ ለሲሚንቶ ግን ሁለት ሳምንት አይበቃውም። የአገሩ በዓላት ደግሞ ለማንም ብለው ቀን አይለውጡም። ሥራው የተመራው በእነዚህ በሦስቱ መካከል ነው።

ቅድመ ሥራ፣ ሰኔ እና ኅዳር

ፍሰት የሚለካው ምንጩ በደከመበት ወቅት ነው። መስከረም ላይ ከለኩትማ የማይበቃ ምንጭ የለም። እዚህ የተለካው ሰኔ መግቢያ፣ ክረምቱ ሳይጥል ነው፦ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን በ100 ሰከንድ ሞላ። ሦስት ጊዜ ተለክቶ አማካዩ ተያዘ። በሰከንድ 0.2፣ በሰዓት 720፣ በቀን 17,280 ሊትር ማለት ነው። ጎጡ 62 አባወራ፣ 300 ሰው ገደማ አለው። የአገሪቱ የገጠር ውሃ መለኪያ በ1 ኪሎ ሜትር ውስጥ ለአንድ ሰው በቀን 25 ሊትር ስለሚል የሚያስፈልገው 7,500 ሊትር ነው። ውሃው ይበቃል። የሚጨንቀው ጠዋት ነው፦ እያንዳንዱ ቤት ሁለት ጀሪካን ልሙላ ቢል 2,480 ሊትር ይሆናል፤ ምንጩ በሁለት ሰዓት የሚሰጠው 1,440 ብቻ ነው። ስለዚህ ሌሊት የሚፈሰውን የሚይዝ 5 ሜትር ኩብ የግንብ ማጠራቀሚያ ተወሰነ። በደካማው ወቅት እንኳ በ7 ሰዓት ይሞላል።

ከልኬቱ በፊት የሚጠየቅ ጥያቄ አለ፦ ምንጩ ጸበል ነው ወይ? በዚህ አገር ከደብሩ ጋር ሳይነጋገሩ ጸበል ላይ ዶማ ማሳረፍ የሥራውን መጨረሻ በመጀመሪያው ቀን ማየት ነው። ከታዩት ሦስት ምንጮች አንዱ ጸበል ስለሆነ ተተወ። ሌላው ከበላዩ የመቃብር ቦታ ስላለው ተተወ።

ቀጥሎ ከታች ያሉት ናቸው። ከምንጩ ሥር ድንችና ሽንኩርት በመስኖ የሚያለሙ አሉ፤ ውሃውን በተራ የሚያከፋፍል የውሃ አባት አላቸው። ከእሱ ጋር ሳይስማሙ የተገነባ ምንጭ ቧንቧው በሌሊት ሲቆረጥ ይገኛል። ስምምነቱ በቀበሌው ፊት በጽሑፍ ሆነ፦ ከማጠራቀሚያው የሚተርፈው ውሃ መጀመሪያ ወደ ከብት ገንዳ፣ ከዚያ ወደ መስኖ ቦያቸው ይወርዳል። የመሬቱ ባለይዞታም ለአጥሩ የሚቆረጥበትን ቦታ አይቶ ፈረመ።

ዲዛይኑን የወረዳው ውሃ ባለሙያ አይቶት ማስተካከያ ሰጥቷል። የውሃ ኮሚቴውም ቁፋሮ ሳይጀመር ተመረጠ፤ ሴቶች የሚበዙበት ኮሚቴ ነው፤ ውሃ የሚቀዱት እነሱ ናቸውና።

ለእንግዶቹ የተላከ ማሳሰቢያ፦ መንገዱ ክፍት መሆኑ ከወረዳው ሳይረጋገጥ ከአዲስ አበባ መነሳት የለም። የመጀመሪያው ሌሊት ደብረ ብርሃን ይታደራል፤ ከተማው 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነ ሰውነት ቀጭኑን አየር ይለምድበታል። ከባሕር ጠለል አካባቢ የመጣ ሰው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት ድንጋይ አይሸከምም። ረቡዕና ዓርብ ሥጋና ወተት በጎጡ ውስጥ አይበሰልም። ለልጆች ከረሜላና ልብስ በየመንገዱ ማደል የለም፤ ሕፃናት ትምህርታቸውን ጥለው ከመኪና ኋላ መሮጥ የሚለምዱት በዚህ ነው። ምንጩ ላይ ስብከትም ሆነ የጽሑፍ እደላ የለም፦ ውሃው የሁሉም ነው፤ አገሩም የራሱ ደብር አለው። ያገለገለ ሰው እምነቱን በእጁ አሳይቷል።

ጥር 13

ጥምቀትና ቃና አልፈው ዕቃ ማጓጓዝ ተጀመረ። ሲሚንቶ 54 ከረጢት፣ እያንዳንዱ 50 ኪሎ። ድልድሉ፦ ለማጠራቀሚያው ግድግዳ 16፣ ለወለሉ 10፣ ለሶሌታው (ለጣሪያው አርማታ) 7፣ ለልስኑ 5፣ ለምንጩ ሣጥን (ውሃውን ከዓይኑ የሚቀበለው ግንብ)፣ ለክንፍ ግድግዳው፣ ለቦኖው (ሰው ለሚቀዳበት ቧንቧ) እና ለከብት ገንዳው 12፣ መጠባበቂያ 4። ከመኪና መንገድ ወዲህ አንድ አህያ አንድ ከረጢት ይጭናል። የጭነቱ ገመድ ወረቀቱን ስለሚቀድ ከረጢቱ በጆንያ ውስጥ ገብቶ ይታሰራል።

ማከማቻው የእድሩ ቤት ነው። ሲሚንቶው ከመሬት አንድ ስንዝር ከፍ ባለ የእንጨት ርብራብ ላይ፣ ከግድግዳው ራቅ ብሎ፣ ከ10 ከረጢት ሳይበልጥ ተደረደረ። በጣት ሲጫኑት የማይፈርስ ጓል ያለበት ከረጢት ለግንብ አይገባም።

አሸዋ ችግር ነው። ደጋው ላይ ጥሩ አሸዋ ስለሌለ ከቆላ ወንዝ በመኪና ይመጣል። ፍተሻው በጠርሙስ ነው፦ ግማሹ ድረስ አሸዋ፣ በላዩ ውሃ፣ በደንብ መነቅነቅ፣ ከዚያ እስኪጠራ ማስቀመጥ። ከላይ የሚተኛው ደለል ከአሸዋው ቁመት ከ6 በመቶ ካለፈ አሸዋው ይታጠባል ወይም ይመለሳል። የመጀመሪያው ጭነት በ12 ሳንቲ አሸዋ ላይ ከ1 ሳንቲ በላይ ደለል አሳየ፤ ሳይራገፍ ተመለሰ። መኪናው ከቆመ በኋላ መመለስ ያጨቃጭቃል፤ ስለዚህ ሻጩ ጋ ሄዶ እዚያው መፈተሽ ይሻላል። ደለል ያለበት አሸዋ ግንቡን በዓይን አያስታውቅም፤ ውሃ ሲሞላ ያላብሰዋል።

ድንጋዩ እዚያው አለ፤ 12 ሜትር ኩብ ያስፈልጋል። ጥቁሩ ድንጋይ ለመጥረብ እልኸኛ ቢሆንም አንዴ ከተቀመጠ አያሳፍርም።

ጥር 14

ዛሬ የዓይኑ፣ ማለት ውሃው ከመሬት የሚወጣበት ቦታ፣ ቀን ነው። ከመላው ሥራ ተመልሶ የማይስተካከለው ይህ ብቻ ስለሆነ ሌላ ነገር አልተያዘም።

መጀመሪያ ምንም ሳይነካ የውሃው መውጫ ከፍታ ተያዘ። ከጎን፣ በማይቆፈር መሬት ላይ ችካል ተተከለ፤ በውሃ በተሞላ ብርሃን አሳላፊ ጎማ የዓይኑ ከፍታ ወደ ችካሉ ተዛውሮ በሚስማር ምልክት ተደረገበት። ከዚህ በኋላ የሚሠራ ማንኛውም ነገር የሚለካው ከዚህ ሚስማር ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ ሣጥኑ ውስጥ የሚጠራቀመው ውሃ ከዓይኑ ከፍታ በላይ ከወጣ ምንጩን መልሶ ይጫነዋል። የተጫነ ምንጭ ደግሞ ሌላ መውጫ ይፈልጋል፤ ያማረ ግንብ ደርቆ ቀርቶ ውሃው ሃምሳ እርምጃ ወዲያ በሰው ማሳ ሲፈነዳ ይታያል። ስለዚህ የሣጥኑ ማስተንፈሻ (የትርፍ ውሃ መውጫ) ቧንቧ ከሚስማሩ 10 ሳንቲ ዝቅ ብሎ እንዲቀመጥ ተወሰነ።

ቁፋሮው ከታች ወደ ላይ ነው የሚሄደው። ከታች በተከፈተ ቦይ ውሃው እየሸሸ ሠሪው በደረቅ ይቆፍራል። ከላይ የጀመረ ሰው አፈሩን ዓይኑ ላይ ይንደዋል። መጀመሪያ ጥቁሩ አፈርና ሣሩ፣ ቀጥሎ የተንከባለለ ድንጋይ ተነሣ። ከዚያ ስንጥቅጥቅ ያለው ጥቁር ድንጋይ ብቅ አለ፤ ከሥሩ ቀይ፣ የተጠቀጠቀ የሸክላ ንብር አለ። ውሃው የሚወጣው በሁለቱ መገናኛ ነው፦ በድንጋዩ ስንጥቅ የወረደው ውሃ ቀዩ ንብር ስለማያሳልፈው ወደ ጎን ይወጣል። ይህን ንብር መብሳት አይገባም። ከተበሳ ውሃው ወደታች ይጠፋል።

ከዚህ ነጥብ በኋላ ዲጂኖና ከባድ መዶሻ ከጉድጓዱ ወጥተው በእጅና በትንሽ መቆፈሪያ ብቻ ተሠራ። ጉልበት ያላቸው ወጣቶች እዚህ ላይ ይቸገራሉ፤ ሥራውን ትዕግሥት ላላቸው ሁለት ሰዎች ሰጥቶ ሌላውን ወደ ድንጋይ ማመላለስ መላክ ነው። ሦስት ቀጫጭን መውጫዎች ታዩ፤ ወደ ውስጥ አንድ ክንድ ያህል ሲገባ ሦስቱ ወደ አንድ ስንጥቅ ገጠሙ። ዓይኑ እሱ ነው። ውሃው ለጥቂት ጊዜ ደፈረሰና ጠራ። ካልጠራ ገና አፈር ውስጥ ነው ማለት ነውና መቀጠል ያስፈልጋል።

ሥራው እያለ ጎጡ ውሃ አያጣም። 2 ኢንች ቧንቧ ስንጥቁ ፊት በሸክላ አፈር ተጠቅጥቆ ውሃው ሁሉ በእሱ በኩል ከጉድጓዱ ውጭ እንዲወርድ ተደረገ፤ ሰዎች ከጫፉ ይቀዳሉ፣ ግንበኛውም በደረቅ ይሠራል። ፍሰቱ በዚሁ ቧንቧ እንደገና ተለካ፦ 20 ሊትር በ80 ሰከንድ።

ጥር 15

የሣጥኑና የክንፍ ግድግዳው መሠረት። ክንፎቹ ከሣጥኑ ግራና ቀኝ ተነስተው ወደ ተራራው እንደ ተከፈተ መቀስ ገብተው ውሃውን ወደ መሐል ይሰበስባሉ። ጫፋቸው የቀዩን ንብር ጎን ነክሶ እስኪይዝ ካልገባ ውሃው ዞሮ ያመልጣል።

የማጠራቀሚያው ጉድጓድም ተጀመረ፤ ከምንጩ 35 ሜትር ወርዶ፣ 3 ሜትር ዝቅ ብሎ። እዚያ መረሬ አለ። መረሬ ሲርስ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ላዩ ላይ ግንብ ማሳረፍ አይቻልም። ጠንካራ መሬት እስኪገኝ 80 ሳንቲ ወረደ፤ ባዶው በድንጋይ ተሞልቶ ተደለደለ።

ጥር 16 እና 17

ቅዳሜና እሁድ። ቁፋሮ የለም። እንግዶቹ ከጎጡ ሰው ጋር ቅዳሴ ሄዱ።

ጥር 18

የማጠራቀሚያው ወለል አርማታ፦ 3 ሜትር በ3 ሜትር፣ ውፍረት 15 ሳንቲ፣ 1.35 ሜትር ኩብ። ቅልቅሉ 1 ሲሚንቶ ለ2 አሸዋ ለ3 ጠጠር። መስፈሪያው ውስጡ 50 በ40 በ18 ሳንቲ የሆነ የእንጨት ሣጥን ነው፤ 36 ሊትር ስለሚይዝ አንድ ከረጢት ሲሚንቶ በአንድ ሣጥን ይታሰባል። በአካፋ መስፈር ቀረ፤ የአንዱ አካፋ የሌላው አይደለምና።

ማቡኪያው ላሜራ ነው። ደረቁ ሦስት ጊዜ ይገላበጣል፣ ከዚያ ውሃ። ለአንድ ከረጢት 25 ሊትር ገደማ፤ አሸዋው እርጥብ ከሆነ ከዚያ ያነሰ። ደረቅ ያለ አርማታ ለአካፋ ይከብዳል፤ ያልለመደ ሰው ሁሉ «ትንሽ ውሃ» ይላል። ያ ትንሽ ውሃ ሲደርቅ ቀዳዳ ትቶ ይሄዳል። ባልዲው በአንድ ሰው እጅ ብቻ እንዲሆን ተደረገ፤ ግንበኛው ሳይነግራት አትሰጥም።

አሁን ስለ ውርጭ። በጥር ሌሊት እዚህ ሣሩ ነጭ ሆኖ ያድራል። ያልጠነከረ አርማታ ውስጥ ያለ ውሃ ሲቀዘቅዝ ወደ 9 በመቶ ይሰፋል፤ ሲሚንቶው ገና ስላልያዘ ከውስጥ ይፈረካከሳል፣ ጠዋት ላይ ላዩ እንደ አመድ ይታሻል። ስለዚህ ማቡካት የሚጀመረው ረፋድ 4 ሰዓት ላይ፣ ጠጠሩ ፀሐይ ከመታው በኋላ ነው፤ 8 ሰዓት ሳይሞላም ያልቃል። ውሃው ከምንጩ በቀጥታ ይቀዳል። በበርሜል ያደረ ውሃ በረዶ ነው፤ የምንጩ ግን ጠዋት ከአየሩ ይሞቃል። ማታ አርማታው በፕላስቲክ፣ በላዩ በወፍራም ገለባ ይሸፈናል። ጠዋት ፀሐይ ሲበረታ ይገለጣል፣ ውሃ ይጠጣል፣ እንደገና ይሸፈናል።

እርጥብ ሲሚንቶ ቆዳ ይበላል። ጓንት ቀድዶ የገባ ወይም ጉልበት ላይ የረጠበ ወዲያው በብዙ ውሃ ይታጠባል፤ ሱሪው ይቀየራል። «ማታ እታጠባለሁ» ያለ ሰው ማታ ቁስል ያገኛል።

ጥር 19

ገብርኤል። ሥራ የለም። ወለሉን ውሃ ማጠጣት ግን አይቋረጥም። ስለዚህ ጉዳይ ከመጀመሪያው ከደብሩ አለቃ ጋር ተነጋግሮ ነበር፤ ውሃ ማጠጣቱ እንደ ቁፋሮ አልተቆጠረም። በገበያ ላይ በብዛት ያለው ፒፒሲ ሲሚንቶ (ፖዞላና የተቀላቀለበት) ከኦፒሲ (ከተራው ሲሚንቶ) ይልቅ ቀስ ብሎ ነው የሚጠነክረው፣ ብርዱም ያዘገየዋል፤ 7 ቀን የሚባለው ማጠጣት እዚህ 14 ተደርጓል። ተረኞቹ በስም ተጽፈው እድር ቤቱ በር ላይ ተለጠፈ።

ጥር 20

የምንጩ ሣጥን ግንብ፤ ውስጡ 1 ሜትር በ1 ሜትር። ቧንቧዎቹ ግንቡ ሲነሳ አብረው ተቀበሩ፦ ወደ ማጠራቀሚያው መውጫ 1½ ኢንች ከወለሉ 10 ሳንቲ ከፍ ብሎ (ደለል እንዳይጎትት)፣ ማጽጃ 2 ኢንች ወለሉ ላይ፣ ማስተንፈሻ 2 ኢንች ከሚስማሩ 10 ሳንቲ ዝቅ ብሎ። ግንብ ካለቀ በኋላ ቦርቡሮ ቧንቧ ማስገባት የመፍሰስ ዋና ምንጭ ነው። የሚቀበረው የቧንቧ ክፍል ቅባትና ቀለም እንዳይኖረው ተፋፍቆ፣ መሐሉ ላይ የብረት ቀለበት ተበየደበት፤ ውሃ የቧንቧውን ገላ ተከትሎ እንዳይወጣ ያግደዋል።

ከዓይኑ እስከ ሣጥኑ ያለው ባዶ ቦታ አሞላል፦ ስንጥቁ ፊት ያለ ሙርታር (የሲሚንቶና የአሸዋ ቡኮ) የተደረደረ ትልልቅ ድንጋይ፣ ቀጥሎ የጡጫ ያህል፣ ቀጥሎ የታጠበ ጠጠር። በጠቅላላው 1.5 ሜትር ኩብ። ጠጠር ማጠብ ለእንግዶች ከተሰጡት ሥራዎች ሁሉ የተሻለው ነው፦ ጉልበት ብቻ ይጠይቃል፣ ብልሽት የለውም፣ ንጹሕ ካልታጠበ ደግሞ ውሃው ለወራት ይደፈርሳል። ከላዩ ፕላስቲክ፣ 30 ሳንቲ የተጠቀጠቀ ሸክላ አፈር፣ ከዚያ አፈርና ሣር ይመጣል። ዛፍ አይተከልበትም፤ ሥሩ ዓይኑን ይፈልጋል። ባሕር ዛፍማ ጨርሶ።

ጥር 21

አስተርዮ ማርያም።

ጥር 22፣ 25 እና 26

የማጠራቀሚያው ግድግዳ። ውስጡ 2 በ2 ሜትር፣ ውፍረቱ 40 ሳንቲ፣ ቁመቱ 1.55፤ ውሃው 1.25 ድረስ ይቆማል። ሙርታሩ 1 ለ4። ግንበኞቹ ሁለቱ ይገነባሉ፣ እንግዶችና ጅገኞች በባሬላ ያቀብላሉ። እንግዳ ግንብ እንዲገነባ አይሰጠውም፤ ክፋት የለውም፣ ግን የውሃ ግንብ የትምህርት ቤት አጥር አይደለም። ድንጋይ በድንጋይ ላይ ተቀምጦ ከሥሩ ባዶ ከቀረ ከውጭ አይታይም። ግንበኛው እያንዳንዱን ሲያስቀምጥ በመዶሻ እጀታ መታ አድርጎ ያዳምጣል፤ ክፍት ድምፅ ከሰጠ ያነሣዋል። ድንጋዩ ሁሉ ከመቀመጡ በፊት ይታጠባል፣ ይርሳል፤ ደረቅ ጥቁር ድንጋይ የሙርታሩን ውሃ ይመጥጣል። ከተቦካ አንድ ሰዓት ያለፈው ሙርታር ውሃ ጨምሮ አይታደስም፤ ለመንገድ ሙሌት ይሄዳል። በቀን ከ60 ሳንቲ በላይ ከፍታ አይነሣም።

ጥር 26 ከሰዓት በኋላ እንግዶቹ ተመለሱ። ግድግዳው 1.20 ላይ ነው። ምረቃ አልተደረገም፤ ሪባንም አልተቆረጠም። ይህ ከጉዞው በፊት ለላኪዎቻቸው የተነገረና የተስማሙበት ነው። እንግዶች በሚሄዱበት ቀን ውሃ ሲፈስ ለማሳየት ሲባል ሶሌታ በችኮላ ይፈሰሳል፣ ፎርሙ በሳምንት ይፈታል፣ በዓመቱ ይሰነጠቃል። በየወረዳው በመሥራች ስም ያጌጡ ደረቅ ግንቦች ያሉት በዚህ ምክንያት ጭምር ነው። ያለቀው ሥራ ፎቶ መጋቢት ላይ ይላካል።

የመጓጓዣ ገንዘባቸው ለሌላ ቢውል ይሻል ነበር ወይ የሚለው ጥያቄ ሁልጊዜ ይነሣል። ለእጅ ሥራው ብቻ ቢሆን መልሱ አዎ ነው፤ የአካባቢው የቀን ሠራተኛ ያንኑ ድንጋይ ያመላልሳል። ስለዚህ ደንቡ ለግንበኛና ለቧንቧ ሠራተኛ የሚከፈለው በገበያ ዋጋ ይከፈላል፣ የእንግዳ ነፃ ጉልበት የማንንም የቀን ገቢ አይነካም የሚል ነው።

ጥር 28

ግድግዳው አለቀ። ትናንት መድኃኔዓለም፣ ነገ በዓለ ወልድ፤ በመሐሉ በተገኘው ቀን ነው ያለቀው።

የካቲት 2፣ 3 እና 4

የውስጥ ልስን በሦስት ድርብ። መጀመሪያ 1 ለ2 ሆኖ በኃይል የሚረጭ ቀጭን፣ ሁለተኛው 1 ለ3 ውፍረቱ 1.5 ሳንቲ፣ ሦስተኛው 1 ለ2፣ 1 ሳንቲ። በመጨረሻ ንጹሕ ሲሚንቶ በውሃ በጥብጦ ማለስለስ። ማዕዘኖቹ ሁሉ በጠርሙስ ገላ ክብ ተደርገው ተሞሉ፤ ሹል ማዕዘን መጀመሪያ የሚሰነጠቅ፣ ቆሻሻም የሚያጠራቅም እሱ ነው።

የካቲት 9

ሶሌታ፦ 2.80 በ2.80፣ ውፍረት 12 ሳንቲ። የ10 ሚሊ ፌሮ በ15 ሳንቲ ርቀት በሁለቱም አቅጣጫ፤ 12 ሜትሩ ፌሮ 10 ፍሬ ፈጀ። ፌሮው ከፎርሙ 2.5 ሳንቲ እንዲነሣ ቀድመው የተሠሩ የሙርታር ቁራጮች ተደገፉበት። በጠጠር መደገፍ አይመከርም፤ ሲረገጥ ይንሸራተታል። መግቢያው 60 በ60፣ ዙሪያው በ10 ሳንቲ ከፍ ብሎ የጎርፍና የአቧራ መከላከያ ያለው፣ ክዳኑ ላሜራ ከነቁልፉ። መተንፈሻው ወደታች የታጠፈ ኤልቦ ነው፤ አፉ በወንፊት ሽቦ ተሸፍኗል። ላዩ ትንሽ ዘመም ብሎ ውሃ እንዳያቁር ተደርጓል።

አየሩ በልግ በልግ ብሏል። ማታ ደመና ስለነበር ውርጩ አልወረደም፤ ቢሆንም ተሸፈነ።

የካቲት 16

ኪዳነ ምሕረት ናት፤ ዐቢይ ጾምም ዛሬ ገባ። ከዚህ በኋላ ሰው እስከ 9 ሰዓት አይቀምስም። የቀረው የአጥርና የቦይ ሥራ ከጠዋቱ 1 እስከ 5 ሰዓት እንዲሆን ተዛወረ፤ የሚያደክመው ሁሉ ጾም ሳይገባ ማለቁ ጠቅሟል።

የካቲት 18

ከምንጩ 10 ሜትር ወደ ላይ የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ፤ ጥልቀቱ 40 ሳንቲ፣ አፈሩ ወደ ምንጩ በኩል ተቆልሎ። ከዚያ ውስጥ አጥር፣ በር የሌለው፦ ሰው የሚገባው ለጽዳት ብቻ ነው፤ ያኔ ሁለት ግንድ ተነስቶ ይመለሳል። ሕጉን ኮሚቴው አወጣ፦ ከአጥሩ ውስጥ ከብት ከገባ ቅጣት፣ ከምንጩ በላይ መጸዳጃ ቤት ጨርሶ የለም፣ በጎንና በታች ደግሞ ከ30 ሜትር ወዲህ አይቆፈርም። የጓሳን የሣር ምድር በራሱ ሕግ ሲጠብቅ ለኖረ አገር ይህን ማስረዳት አያስፈልግም፤ ቅጣቱን ከታሰበው ሁለት እጥፍ አደረጉት።

የካቲት 24

ከሣጥኑ ወደ ማጠራቀሚያው 40 ሚሊ ጥቁር የፕላስቲክ ቧንቧ ተዘረጋ። ጥልቀቱ 60 ሳንቲ ነው፤ ከዚያ ካነሰ ማረሻ ያገኘዋል። ከላይ እስከ ታች መውረድ ብቻ ነው ያለበት፤ መሐሉ ላይ ጉብ ካለ አየር ይቋጥርና ፍሰቱን ያንቃል። ማጠራቀሚያው ጋ ፍሎተር (ሲሞላ ውሃውን የሚዘጋ ተንሳፋፊ) አልተገጠመም፤ ውሃው ከላይ በነፃ ይወድቃል፣ የተረፈው በማስተንፈሻው ወደ ከብት ገንዳ ይወርዳል።

ቦኖው ላይ አራት መክፈቻዎች። የማጠራቀሚያው ወለል ከመክፈቻዎቹ የሚበልጠው በ1.5 ሜትር ብቻ ስለሆነ ግፊቱ ትንሽ ነው፤ ስለዚህ የ½ ሳይሆን የ¾ ኢንች መክፈቻ ተመረጠ፣ ተጭነው ሲለቁት የሚዘጋው ዓይነትም ተተወ፤ እሱ ግፊት ይፈልጋል። ጀሪካን ማሳረፊያው ሁለት ዓይነት ነው፦ አንዱ መሬት ላይ፣ ሌላው በወገብ ልክ፣ አንዲት ሴት ብቻዋን ሞልታ ከዚያው በጀርባዋ እንድታነሣ።

የካቲት 30

የሶሌታው ፎርም ተፈታ፤ ከፈሰሰ ሦስት ሳምንት ሞልቶታል። ድጋፎቹ ከመሐል ወደ ዳር ተነሡ።

መጋቢት 2 እና 3

የመፍሰስ ፍተሻ። ማጠራቀሚያው ቀስ ብሎ ተሞልቶ አንድ ቀን ሙሉ ተተወ፤ አዲስ ልስን መጀመሪያ ራሱ ውሃ ይጠጣል። ከዚያ ተሞልቶ፣ መግቢያና መውጫው ተዘግቶ፣ ከፍታው በእርሳስ ምልክት ተደረገበት። በ24 ሰዓት ከ1 ሳንቲ በላይ ከወረደ (40 ሊትር ማለት ነው) ቦታው ይፈለጋል። 4 ሚሊ ወረደ። የማጽጃው ቧንቧ ዙሪያ ግን አላበ። ውሃው ወርዶ፣ ዙሪያው በመሮ እንደ ጎድጓዳ ተከፍቶ፣ ታጥቦ፣ በደረቅ ያለ 1 ለ1 ሙርታር ተጠቅጥቆ ተሞላ። ከሳምንት በኋላ ሲፈተሽ ደርቋል።

መጋቢት 13

ክሎሪን። በሊትር 50 ሚሊ ግራም እንዲሆን ለ5,000 ሊትር 250 ግራም ንጹሕ ክሎሪን ያስፈልጋል፤ ዱቄቱ 65 በመቶ ስለሆነ 385 ግራም ተመዘነ። በፕላስቲክ ባልዲ፣ ደጅ ላይ፣ ነፋስን ከኋላ አድርጎ፣ ዱቄቱ ወደ ውሃው ይጨመራል እንጂ ውሃ ወደ ዱቄቱ አይጨመርም። መክፈቻዎቹ ሁሉ ሽታው እስኪመጣ ተከፍተው ተዘጉ፣ በሽቦ ታሰሩ። ለ24 ሰዓት እንዳይቀዳ ዋዜማውን በእድሩ ጥሩንባ ተነገረ፤ ሰው ከጊዜያዊው ቧንቧ ቀዳ። ውሃው ሲለቀቅ ወደ መስኖውም ወደ ገንዳውም ሳይሆን ወደ ድንጋያማው ገደል በኩል ነው።

ሽታው ከጠፋ በኋላ ናሙና በንጹሕ ጠርሙስ፣ በበረዶ ሣጥን፣ በዕለቱ ለምርመራ ተላከ። የሚጠበቀው በ100 ሚሊ ሊትር ውስጥ ኢ.ኮላይ (ውሃው በሰገራ መበከሉን የሚያሳይ ባክቴሪያ) ምንም አለመገኘቱ ነው። አልተገኘም። ቦኖው በማግስቱ ተከፈተ።

መጋቢት 20

የቦኖ ጠባቂዋ ሁለት ዓይነት የቧንቧ መፍቻ፣ ቴፍሎን፣ 20 ጎሚኒ (የመክፈቻ ላስቲክ)፣ ሁለት ትርፍ መክፈቻና አንድ ዩኒየን (የቧንቧ ማገናኛ) ተረከበች። ውሃው ተዘግቶ ጎሚኒውን ራሷ ሁለት ጊዜ ፈታ ገጠመች፤ ሲደረግ በማየት ብቻ እጅ አይለምድም። ወርኃዊ መዋጮው በኮሚቴው ስም በተከፈተ ሂሳብ ይገባል፤ ሦስት ፈራሚዎች አሉት፣ ሁለቱ ሴቶች። ሣጥኑና ማጠራቀሚያው በየሦስት ወሩ በማጽጃው ይታጠባሉ።

የቀረ ሥራ፦ የከብት ገንዳው አካባቢ ገና ሳይጸና በሰኮና እየጨቀየ ነው፤ ዙሪያው በ3 ሜትር ስፋት ድንጋይ መነጠፍ አለበት። ለዚህ እንግዳ አያስፈልግም፤ ከፋሲካ በኋላ በጅጌ ይሠራል። ቀጣዩ የፍሰት ልኬት ሰኔ መግቢያ ላይ፣ በዚያው ጀሪካን።